ሞተሩ ይውረድ ከመባሉ በፊት

መካኒኩ የኮምፕሬሽን ጌጁን ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኸውልህ፤ 140 ነው። መጽሐፉ 191 ይላል።» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የመጽሐፉን ገጽ አሳየኝ፤ እውነትም 191 ይላል። «ፋሻው አልቋል። ሞተሩ ወርዶ መሠራት አለበት።»

መኪናዬ ባለ 1.6 ሊትር አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው። ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጥ ጀምራለች፣ ዳገት ላይም ደከም ትላለች። ግን ዘይት አትበላም፣ አታጨስም። ሞተር ማስወረድ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ አንዴ የከፈለ ያውቀዋል። «እስቲ ላስብበት» ብዬ ይዣት ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ሶማሌ ተራ ወርጄ የራሴን ጌጅ ገዛሁና ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከእህቴ ልጅ ጋር፣ ግቢዬ ውስጥ እንደገና ለካሁ። ጌጁ አሁንም 140 አለ። የመካኒኩ ንባብ ልክ ነበር፤ መጽሐፉም ልክ ነው። ሁለት ነገር ግን ተረስቷል። መካኒኩ የለካው አንዷን ሲሊንደር ብቻ ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ደግሞ የለኩት ባሕር ወለል ላይ ነው፤ እኛ ያለነው አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ላይ።

ካንዴላ መቀየር የሚችል ሰው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩን ጭመቃ፣ መለካት አያቅተውም። ከባዱ ንባቡ ነው፤ ስለዚህ አሠራሩን ፈጠን ብዬ፣ ንባቡን ግን ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ጌጁ የሚለካው ምንድን ነው?

ሲሊንደርን እንደ ብስክሌት መንፊያ ያስቡት። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይስባል፣ ሲወጣ የሳበውን ይጨምቃል። የተጨመቀው አየር የሚያመልጥባቸው በሮች ሦስት ናቸው። አንዱ በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ፋሻዎች በኩል ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ነው። ሁለተኛው በቫልቮቹ በኩል ወደ አየር መሳቢያው ወይም ወደ ማርሚታው ነው። ሦስተኛው በቴስታታው ጋስኬት በኩል ወደ ጎረቤት ሲሊንደር ወይም ወደ ራዲያተሩ ውኃ ነው። ጌጁ የሚነግረን አየሩ ማምለጡን ብቻ ነው፤ በየትኛው በር እንዳመለጠ ለማወቅ ኋላ የምናያቸው ሁለት ሙከራዎች ያስፈልጋሉ።

ምን ያስፈልግዎታል?

ጌጅ ሲገዙ ጫፉ ጥርስ ያለው፣ እንደ ካንዴላ የሚጠብቀውን ይምረጡ። ጫፉ ሾጣጣ ጎማ ሆኖ በእጅ ተጭነው የሚይዙትም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ግን እጅዎ ትንሽ ከተንሸራተተ ቁጥሩ ይወድቃል። በኮሮላዬ ላይ ደግሞ ካንዴላዎቹ ከላይ በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ እሱን መጠቀም አይታሰብም። የአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች ካንዴላ ጥርስ 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጌጁ ከሌሎች ልኮች ማገናኛ ጋር ከመጣ ግን አይከፋም።

አንድ ነገር ሳይገዙ ይመልከቱ። በቱቦው ጫፍ፣ ወደ ካንዴላው በኩል፣ የጎማ ቫልቭ የምትመስል ትንሽ መርፌ አለች። አየሩን አስገብታ እንዳይመለስ የምትይዘው እሷ ናት። ቁመናዋ የጎማ ቫልቭ ይመስላል እንጂ ስፕሪንጓ ከጎማው የላላ ነው። አንዳንድ ሰው ስትበላሽበት ከጎሚስታ የተራ ጎማ መርፌ ተቀብሎ ይከታል። በዚህ ጊዜ ጌጁ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ባለቤቱም ያየውን ሞተር ሁሉ ሲኮንን ይኖራል።

ከዚህ ሌላ የካንዴላ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ለኔ ሞተር ባለ 16 ነው። ጥሩ ባትሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ትንሽ የሞተር ዘይት፣ ነዳጅ መስጫውን የሚረግጥ አንድ ሰው። በቃ።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን ያሙቁ

የሙቀት መለኪያው የተለመደ ቦታው እስኪደርስ ድረስ ሞተሩን ያስነሱት፣ ወይም አንድ ዙር ነድተው ይመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ፋሻና ፒስተን ገና ቦታቸውን ስላልያዙ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ካጠፉ በኋላ ግን ወዲያው ካንዴላ አይንቀሉ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ እንደ ጋለ ከነቀሉበት ጥርሱ ሊበላ ይችላል። ቡና ጠጥተው ይመለሱ፤ እጅ የማያቃጥል ግን ያልበረደ ሞተር ነው የሚፈለገው።

ባትሪው የደከመ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ያድርጉት። ቶዮታ ለዚህ ልኬት የሚጠይቀው ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ ቢያንስ 250 ጊዜ እንዲያዞረው ነው። ቀስ ብሎ የሚዞር ሞተር አየሩን ለማምለጥ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ደካማ ባትሪ ደህናውን ሞተር አሮጌ ያስመስለዋል።

ደረጃ 2፦ እሳቱንና ነዳጁን ያቁሙ

ይህን አይዝለሉት። ካንዴላ በሌለው ሞተር ላይ ቁልፍ ሲያዞሩ የካንዴላ ገመዶቹ አየር ላይ እሳት ይረጫሉ፤ ከጉድጓዶቹ ደግሞ የቤንዚን ተን ይወጣል። የቀረውን እርስዎ ይጨርሱት። መሬት ያላገኘ እሳት ቦቢናውንም ያቃጥላል።

በኔ ሞተር ነገሩ ቀላል ነው፤ የዲስትሪቢዩተሩን ሶኬት መንቀል ብቻ ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ለኮምፒውተሩ የሞተሩን መዞር የሚያሳውቀው አካል ስለሆነ፣ እሱ ከተነቀለ እሳቱም ይቆማል፣ ኢንጀክተሮቹም ነዳጅ አይረጩም። በየካንዴላው ላይ የየራሱ ቦቢና ያለበት አዲስ መኪና ከሆነ፣ መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑን ሪሌ ወይም ፊውዝ ነቅለው ሞተሩን ያስነሱት፤ በቱቦ የቀረውን ጨርሶ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ የቦቢናዎቹን ሶኬቶች ይንቀሉ።

ደረጃ 3፦ ካንዴላዎቹን ሁሉንም ይንቀሉ

ሁሉንም። አንዱን ብቻ ነቅሎ የሚለካ ሰው አይቻለሁ። ሌሎቹ ሦስቱ አየር እየጨመቁ ሞተሪኖውን ሲያደክሙት አዟዟሩ ይዘገያል፣ ቁጥሩም ይወርዳል።

ከመንቀልዎ በፊት ጉድጓዱን በአየር ይንፉት። አቧራና ጠጠር ያለበት ቦታ ነው፤ ካንዴላው ሲወጣ ቆሻሻው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። በዕድሜ የገፉ ኮሮላዎች ላይ ሌላም ነገር ያገኛሉ፤ ጉድጓዱ ዘይት ይዟል። ሲያዩት አይደንግጡ፤ ከላይ ያለው ክዳን ጋስኬት አርጅቶ የሚያንጠባጥበው ነው እንጂ ከሲሊንደሩ የወጣ አይደለም። በጨርቅ ግን ያድርቁት። ወደ ውስጥ ከፈሰሰ ፋሻውን ያረጥበውና ጌጁ ከእውነቱ በላይ ያነባል።

ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው ምልክት ያድርጉባቸው፤ ቁጥር 1 በቺንጋዎቹ በኩል ያለው ነው። የወጡትን ካንዴላዎች በተራቸው ጨርቅ ላይ ይደርድሩ። እነሱም ይናገራሉ። ቡናማ መሳይ ደህና ነው። ደረቅና ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ እርጥብና ዘይት የነካው ዘይት መግባቱን ያሳያል። የኔ ሦስቱ ቡናማ፣ ቁጥር 3 ግን ጠቆር ያለ ነበር።

ደረጃ 4፦ ጌጁን በእጅ ያስገቡ

ቱቦውን በቁልፍ አያጥብቁት፤ በእጅ እስኪቆም ድረስ ይበቃል፣ ጫፉ ላይ ያለችው ኦሪንግ ቀሪውን ትሠራለች። ጥርሱ መጀመሪያ ላይ እምቢ ካለ አያስገድዱት። ወደ ኋላ አንድ ዙር መልሰው «ቀጭ» ብሎ ሲገጥም ከተሰማዎት በኋላ ወደፊት ያዙሩ። ካንዴላ መልሶ ሲገባም ያው ነው።

ደረጃ 5፦ ነዳጅ መስጫ እስከ ታች፣ ስድስት ምት

የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሽ ገለልተኛ ላይ ይሁን፣ አውቶማቲክ ከሆነ «ፒ» ላይ። እጅና ልብስ ከቺንጋና ከማራገቢያ ይራቅ። የእህቴ ልጅ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ «አጎቴ፣ ልርገጠው?» ሲል «እስከ ወለሉ፣ እስክልህ እንዳትለቅ» አልኩት። ነዳጅ መስጫው የሚረገጠው ስሮትል የሚባለው የአየር በር ወለል ብሎ እንዲከፈት ነው። በሩ ከተዘጋ ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር አያገኝም፤ አራቱም ዝቅ ብለው ይነበባሉ። ስሮትሉ በሽቦ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈት አዲስ መኪና ላይ፣ ሲረገጥ በእርግጥ መከፈቱን በዓይንዎ ይዩ፤ በጣት ገፍቶ መክፈት ግን ውስጡ ያሉትን ጥርሶች ሊሰብር ይችላል።

አሁን ቁልፉ ይዙር። መርፌው በየምቱ ዘለል፣ ዘለል ይላል። ስድስት ምት ይቁጠሩና ያስቁሙ። በ250 ዙር ፍጥነት ይህ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሪኖውን ማሞቅ ነው። ለአንዱ ስድስት ምት ከሰጡ ለሁሉም ስድስት ይስጡ፤ አለበለዚያ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ብዙ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው የሚጽፈው። እርስዎ የመጀመሪያውንም ይጻፉ። ደህና ሲሊንደር በመጀመሪያው ምት ብቻ ከግማሽ በላይ ይዘላል፣ ከዚያ በሁለት ሦስት ምት ይሞላል። ፋሻው ያለቀበት ከዝቅተኛ ተነስቶ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ አንድ በአንድ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ የማይናቅ ቁጥር ሊደርስም ይችላል። ቫልቩ የሚያፈስ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይጀምርና እዚያው ይቀራል። ያገለገለ መኪና ሊገዙ የሚያስለኩ ከሆነ ይህ ጠቃሚ ነው፤ ሻጩ ወፍራም ዘይት ከጨመረበት የመጨረሻውን ቁጥር ከፍ ሊያደርግለት ይችላል፣ የመጀመሪያው ምት ግን ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል።

የጌጁን አየር ያስተንፍሱ፣ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አራቱን ሲጨርሱ እንደገና ከ1 ይጀምሩ። ሁለቱ ዙሮች ካልተቀራረቡ ስህተቱ ከሞተሩ በፊት በእጅዎ ላይ ነው።

የኔ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ ቁጥር 1፣ 140። ቁጥር 2፣ 141። ቁጥር 3፣ 112። ቁጥር 4፣ 138። ሁሉም በፒኤስአይ ነው፤ ጌጅዎ በባር ከሆነ 14.5 ፒኤስአይ አንድ ባር ነው።

ነገሩን በጆሮም መያዝ ይቻል ነበር። ካንዴላዎቹ እንዳሉ፣ እሳቱ ብቻ ተቋርጦ ሞተሪኖው ሲዞር፣ ደህና ሞተር እኩል እኩል ያቃስታል። አንዱ ሲሊንደር ከደከመ በየአራተኛው ላይ ሸርተት ይላል። የድሮ መካኒኮች ጌጅ ሳይኖራቸው በዚህ ነበር የሚያውቁት፤ ሲጠራጠሩም አውራ ጣታቸውን ካንዴላው ጉድጓድ ላይ ይጭኑ ነበር።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ካሉበት ከተማ ጋር ያንብቡት

ለኔ ሞተር ቶዮታ የሰጠው ልክ ይህ ነው፦ መደበኛው 191፣ ዝቅተኛው 142፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ14 ያልበለጠ። የኔን ቁጥሮች በቀጥታ ከዚህ ጋር ካስተያየን አራቱም ወድቀዋል፤ መካኒኩ የፈረደውም በዚህ ነው።

ግን ሲሊንደሩ የሚጨምቀው በዙሪያው ያገኘውን አየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በግምት በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መንፊያው ያው ሆኖ የሚገባው አየር ሦስት አራተኛ ከሆነ፣ ጌጁም ሦስት አራተኛውን ያነባል። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር በ0.75 ያባዙት። 191 ወደ 143 ይወርዳል። 142 ወደ 107 ይወርዳል። 14ቷም ወደ 10 ተኩል ትጠባለች።

እስቲ 143ን አንዴ ይመልከቷት። ከፋብሪካ የወጣ፣ ምንም ያልተነካ 4ኤ-ኤፍኢ አዲስ አበባ ላይ ሲለካ የሚያሳየው ቁጥር ይህ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ «ከዚህ በታች ሞተሩ አልቋል» የሚለው 142 ላይ ነው። ሂሳቡን ያላወቀ ሰው ከአዲስ ሞተር ላይም ፋሻ ሊያስቀይር ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ያለጊዜያቸው የወረዱ ሞተሮች እንዳሉ አልጠራጠርም።

ለሌሎች ከተሞች በግምት፦ አዳማና ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆኑ በ0.81 ያባዙ። ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ናት፣ 0.87። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ፣ 0.71። ጅቡቲ ወደብ ላይ የመጽሐፉ ቁጥር እንዳለ ይሠራል፤ ዱባይም እንደዚያው። ከዱባይ የመጣ መኪና እዚያ ተለክቶ 180 ተብሎ ከተጻፈ፣ እዚህ 135 ቢያነብ በመንገድ አልሰረቁበትም።

አሁን የኔን ወረቀት እንደገና እናንብበው። 140፣ 141፣ 138፦ ከ143 ጋር ሲተያዩ በጣም ጤነኛ ናቸው፤ ለዚህ ዕድሜ እንዲያውም ያኮራሉ። ቁጥር 3 ግን 112 ናት። ለብቻዋ ካየናት ከ107 በላይ ስለሆነች አልፋለች። ከእህቶቿ ጋር ስትተያይ ግን በ29 ትርቃለች፣ የሚፈቀደው 10 ተኩል ነው። ሚኒሞ ላይ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ብዙ ጋራዦች ዝቅተኛው ሲሊንደር የከፍተኛውን 75 በመቶ ካገኘ ይበቃል ይላሉ፤ በዚያ ሚዛን የኔ 79 በመቶ ስለሆነ «ደህና» ይባል ነበር። እኔ የአምራቹን ጠባብ ሚዛን እመርጣለሁ፣ በተለይ መኪናው ራሱ ምልክት እያሳየ ከሆነ።

ከዚህ ውጭ የሚመጡ መልኮች አሉ። አራቱም እኩል ዝቅ ካሉ መጀመሪያ ራስዎን ይጠይቁ፦ ስሮትሉ ተከፍቶ ነበር? ባትሪው ደህና ነው? ጌጁስ? እነዚህ ደህና ከሆኑ የካምሻፍቱ ቺንጋ አንድ ጥርስ ዘሎ ሊሆን ይችላል፤ ፋሻ ላይ የሚደረሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ተበልቷል ማለት ነው ብዬ በድፍረት እጠረጥራለሁ። ጌጁ ጨርሶ ካልተነሳ ቫልቭ ተጣሟል ወይም ፒስተን ተበስቷል። ከልኩ በላይ ከፍ ካለስ? ደስ አይበልዎ፤ ውስጡ የተጋገረ ጥላሸት ቦታውን አጥብቦት ይሆናል።

ደረጃ 7፦ አንድ ማንኪያ ዘይት

ዝቅ ያለውን ሲሊንደር ብቻ እንደገና እንለካ። በካንዴላው ጉድጓድ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ያፍስሱ፤ ከዚያ አይብለጥ። ጌጁን ሳይገጥሙ ሞተሪኖውን አንድ ሁለቴ ያዙሩ ዘይቱ እንዲዳረስ፤ ፊትዎን ከጉድጓዱ ያርቁ፣ ይረጫል። ከዚያ ይለኩ።

ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ ተኝቶ የፋሻውን ክፍተት ለጊዜው ይደፍናል። ቫልቮቹ ግን ከላይ ስለሆኑ አይደርስባቸውም። ቁጥሩ ብድግ ካለ የሚያፈስሰው ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጋስኬት ነው። ትንሽ ከፍ ማለት ለደህና ሲሊንደርም ያለ ነው፤ ለማወዳደር ቁጥር 1 ላይም ሞከርኩት፣ ከ140 ወደ 148 ሄደ። ቁጥር 3 ከ112 ወደ 116 ብቻ። ፋሻው ነጻ ወጣ።

ደረጃ 8፦ አየር ነፍቶ ማዳመጥ

ይህ ከጎሚስታ አየር ማግኘት ለሚችል ሰው ነው፤ የኔ ጎረቤት ጎሚስታ ቱቦውን በአጥር ላይ አሳለፈልኝ። ከጌጁ ቱቦ ያችን መርፌ ያውጧት፣ አለበለዚያ አየር አታስገባም። ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ ላይ መድረስ አለበት። ጣትዎን ጉድጓዱ ላይ አድርገው ሞተሩን በክራንክ ቡሎኑ በቁልፍ ያዙሩት፤ አየር ጣትዎን ሲገፋ ፒስተኑ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ አስገብተው መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ይከተሉት። ቁልፉን ከቡሎኑ ላይ ያውጡ፤ አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ሞተሩን ሊያዞረው ይችላል፣ የተረሳ ቁልፍ ደግሞ ክንድ ይሰብራል። አየሩን በትንሹ ይክፈቱ።

አሁን ጆሮዎን ይላኩ። ዘይት መሙያው ላይ ሽው ካለ ፋሻ ነው፤ ትንሽ ድምፅ በሁሉም ሞተር አለ። አየር መግቢያው ላይ ከሆነ የመግቢያ ቫልቭ። ራዲያተሩ፣ በርዶ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ፣ አረፋ ካወጣ ጋስኬት። የኔ ግቢ ውስጥ ግን ድምፁ የመጣው ከኋላ ነበር። የእህቴ ልጅ ማርሚታው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ «አጎቴ፣ እዚህ እያፏጨ ነው!» አለ። የማውጫው ቫልቭ።

ይህን ካወቁ በኋላ እንኳ ቴስታታ ለማስፈታት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ የቫልቩን ክፍተት ያስለኩ። የማውጫ ቫልቭ ከመቀመጫው ጋር እየተበላላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብና አንድ ቀን ጨርሶ ይጠፋል። ያን ጊዜ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ሙቀቱን ለመቀመጫው አያስረክብም፣ ይቃጠላል። ጠቅ ጠቅ የሚል ቫልቭ ያናድዳል እንጂ ብዙም አይጎዳም፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሺም የሚባለውን የክፍተት ማስተካከያ ብረት መቀየር ብቻውን ሊያድነው ይችላል። የኔው አልተደረሰበትም። ክፍተቱ ዜሮ ነበር፤ ቴስታታው ሲነሳ የቫልቩ ከንፈር አንድ ጎን ተበልቶ ተገኘ። አንድ ቫልቭ ተቀየረ፣ መቀመጫው ታሸ፣ አዲስ ጋስኬት ገባ። ከታች ያለው፣ ፋሻውም ፒስተኑም፣ አልተነካም።

ይህ ሙከራ የማያሳየው

ኮምፕሬሽን ደህና ሆኖ ሞተር ዘይት ሊበላ ይችላል። ዘይት የሚጠርገው ፋሻና ጭመቃውን የሚይዘው ፋሻ የተለያዩ ናቸው፤ ጌጁ የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው። ጠዋት ሲነሳ ወይም ረጅም ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ነዳጅ ሲሰጠው አንዴ ሰማያዊ ጭስ ቦግ አድርጎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ከፋሻው በፊት የቫልቮቹን ጎማዎች ይጠርጥሩ። የኮሎና የቢየላ ማንኳኳትም በዚህ ጌጅ አይታይም።

የናፍጣ ሞተር ካለዎት ይህን ጌጅ አያስጠጉት። ናፍጣ የሚቃጠለው በጭመቃ ሙቀት ስለሆነ ግፊቱ የቤንዚኑ እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፤ ጌጁም ማገናኛውም የራሱ ነው።

ደረጃ 9፦ መመለስ

ካንዴላዎቹን በእጅ አስገብተው መጨረሻውን ብቻ በቁልፍ ያጥብቁ። የኔ ልክ 18 ኒውተን ሜትር ነው፤ የማጥበቂያ መለኪያ ከሌለዎት እጅዎን ይቆጥቡ፣ አልሙኒየም ይቅር አይልም። ገመዶቹን በቁጥራቸው፣ ሶኬቱን፣ ሪሌውን ወደ ቦታው ይመልሱ። ዘይት ያፈሰሱበት ሲሊንደር መጀመሪያ ሲነሳ ትንሽ ያጨሳል፤ ይጠራል።

ወረቀቱን አይጣሉት። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ከተማውንና የጌጁን ዓይነት ጽፈው ከሊብሬው ጋር ያስቀምጡ። የኔ ላይ ከጥገናው በኋላ የተጻፈው 140፣ 141፣ 139፣ 138 ነው። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ባለፈው ወር ወንድሜን ልጠይቅ አዳማ ወርጄ ጌጁን ይዤ ነበር፤ ያው መኪና፣ ያው ጌጅ፣ ቁጥር 1 ላይ 151።